የጭን መርፌና የጆሮ ደጃፍ

እንጅባራ፣ በዕድሜ የገፉት ዛሬም በቀድሞ ስሟ ኮሶበር የሚሏት የአዊ ዞን ርእሰ ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ብርዷ መንገደኛን የሚፈትን፣ የክረምት ጉሟም እስከ ረፋድ የማይገለጥ ነው። በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ ቀርከሃው በጓሮ ድንቹ በማሳ በሚበቅልበት አገር፣ ምድጃው በቤቱ መካከል ሲነድ ያመሻል፤ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ጢሱን እየማገ ያድጋል፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ መደብ ይተኛሉ፤ ስለዚህም አንዱ ማሳል ሲጀምር ሌላው ውሎ ሳያድር መከተሉ ለአገሬው እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ ዐይነቱ ቤት ከሰውና ከከብት ሌላ ዐይን የማያየው ተሐዋሲ አብሮ ይኖራል፤ እርሱም የሕክምና ሊቃውንት ኒሞኮከስ የሚሉት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተርና አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ጆርጅ ስተርንበርግ፣ በሁለት አህጉር ተራርቀው ሳሉ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ ለይተው ያገኙት ነው። ማደሪያው የሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዳች ክፉ ሳያደርግ ገብቶ ይወጣል። ነገር ግን ጉንፋን ወይም ኩፍኝ ሰውነትን ባደከመ ጊዜ፣ ወይም የሕፃኑ ኃይል ገና ባልጠናበት ወራት፣ ከማደሪያው ተነሥቶ ወደ ሳንባ ቢወርድ የሳንባ ምች፣ ወደ መካከለኛው ጆሮ ቢያልፍ መግል፣ ከደም ጋር ተቀላቅሎ የአንጎልን ሽፋን ቢያገኝ ደግሞ ሰው ሁሉ ስሙን ሲሰማ የሚያማትብበትን ማጅራት ገትርን ያመጣል።

ስለ ማጅራት ገትር ሲነሣ የብዙው ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ ወረርሽኙ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አገራችን ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር መቀነት ውስጥ ያለች በመሆኗ፣ በደረቁ የበጋ ወራት አቧራው ሲነሣ በሽታው በሺህ የሚቈጠር ሰው የለከፈባቸው ዓመታት አሉ። ያ ወረርሽኝ ግን ሜኒንጎኮከስ የተባለ የሌላ ተሐዋሲ ሥራ ነው፤ ለርሱም ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ በየተራ በተካሄደው ዘመቻ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት የሆኑት ሜንአፍሪቫክ በተባለው ክትባት ተከትበዋል። ኒሞኮከስ በዘመቻና በዐዋጅ የሚነገርለት አይደለም፤ አንዱን ሕፃን ከአንዱ ቤት፣ ሌላውን ከሌላ መንደር፣ ዓመቱን ሙሉ ለየብቻ እየነጠለ ስለሚወስድ ብዙውን ጊዜ ማንም ወረርሽኝ ብሎ አይመዘግበውም። ከማጅራት ገትር ተሐዋስያን መካከል ጆሮን በማጥፋት የሚቀድመው ግን እርሱ ነው፤ ከሞት ከተረፉት ውስጥ እስከ ሲሶ የሚደርሱት የመስማት ጉዳት ይዘው ይቀራሉ። እናት ልጇ ከሞት ስለ ተመለሰላት ስእለቷን አስገብታ፣ ተመስገን ብላ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ ከወራት በኋላ ስሙን ስትጠራው ዘወር አለማለቱን ስታይ ግን ኩርፊያ ይመስላታል፣ ወይም ዐይነ ጥላ ነው ይሏታል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የጆሮን አሠራር ማየት ይገባል። ጆሮ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ክፍል አለው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ድምፁ የሚገባበት የውጭው ጆሮ ሁሉ የሚቆምበት ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ከታምቡሩ በስተኋላ ሦስት ታናናሽ አጥንቶች የሚነቃነቁበት መካከለኛው ጆሮ ቅድስት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በሰውነት ውስጥ እጅግ ከጠነከሩት አጥንቶች በአንዱ ታጥሮ፣ ሁለት ዙር ከግማሽ ያህል ተጠምዝዞ፣ በፈሳሽ ተሞልቶ የሚገኘው የውስጡ ጆሮ መቅደሱ ነው። በዚያ መቅደስ ውስጥ ከዐሥራ አምስት ሺህ የማይበልጡ ጠጕር መሰል ሕዋሳት የድምፁን ንዝረት ተቀብለው ወደ ነርቭ ያስተላልፋሉ፤ አንድ ጊዜ ከሞቱም በሰው ልጅ ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። ይህ መቅደስ ከአንጎል ዙሪያ ከሚገኘው ውኃ ጋር የሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ ስላለው፣ በአንጎል ሽፋን ላይ የተነሣ መግል በዚያ በኩል ወደ ጆሮ ይወርዳል፤ በአንጻሩም ከጆሮ የተነሣ መግል ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። ይህ ወደ ሁለቱም ወገን የሚያሻግር መንገድ በሚቀጥለው ነገር ሁሉ ውስጥ ስለሚመላለስ አንባቢ ልብ ይበለው።

በዚህ ሁኔታ ለደነቈረ ጆሮ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ብዙ አይጠቅመውም፤ ተቀባዩ ሕዋስ ከሞተ ጩኸቱ ቢበረታ ማን ይሰማዋል? ስለዚህም ሊቃውንት የሞተውን ሕዋስ ዘልለው ነርቩን በራሱ በኤሌክትሪክ መቀስቀስን አሰቡ። በ1957 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤይሪየስ በፓሪስ ሞከሩት፤ በ1961 ዊልያም ሐውስ በሎስ አንጀለስ ቀጠለው፤ በ1977 ኢንገቦርግና ኤርቪን ሆክማየር የተባሉት ባልና ሚስት በቪየና፣ በ1978 ደግሞ ግሬም ክላርክ በሜልቦርን ብዙ ኤሌክትሮድ ያለውን መሣሪያ በሰው ላይ ተከሉ። ዛሬ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው ይኸው ነው፤ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ድምፅ ተቀባይ፣ በማግኔት ከቆዳ በላይ የሚጣበቅ አስተላላፊ፣ ከቆዳ በታች አጥንት ላይ የሚቀመጥ ተቀባይ፣ ከርሱም ተነሥቶ በመካከለኛው ጆሮ በኩል አልፎ ወደ ተጠማዘዘው መቅደስ የሚገባ እንደ ክር የቀጠነ የኤሌክትሮድ ረድፍ አለው።

መሣሪያው የሚሰጠው መስማት ከተፈጥሮው ጋር አንድ አይደለም። በጸጥታ ውስጥ የሚነገረውን ቃል ለመለየት ብዙዎችን አብቅቷል፤ የዜማን ውጣ ውረድ ለማድረስ ግን ደካማ ነው፤ ስለዚህ ኢምፕላንት ያለው ሰው ካህኑ የሚያነበውን ወንጌል ሊከተል ይችል ይሆናል እንጂ የግዕዙን፣ የዕዝሉንና የአራራዩን ልዩነት ማጣጣም ይቸግረዋል። በአዊ ምድር ደግሞ ነገሩ አንድ ደረጃ ይጠልቃል፤ አገውኛው፣ ባለቤቶቹ አውኚ የሚሉት ልሳን፣ በድምፅ መነሣትና መውደቅ ቃልን ከቃል የሚለይ ስለሆነ፣ ለእንግሊዝኛና ለጀርመንኛ ተብሎ የተቀመረ መሣሪያ በአውኚ ለሚያድግ ልጅ ምን ያህል እንደሚያገለግል ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ይመስለኛል። ከዚህም ጋር የምልክት ቋንቋን የሚናገሩ ወገኖቻችን መስማት አለመቻልን እንደ ጉድለት ብቻ ማየትን እንደማይወዱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ እንደሚያስተምር መዘንጋት አይገባም። ሆኖም መሣሪያውን የመረጠ ሰው በሕይወት እንዲጠቀምበት ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነውና ወደዚያው እንመለስ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በአሜሪካና በአውሮፓ ኢምፕላንት የተተከለላቸው ሕፃናት በማጅራት ገትር መያዛቸው ተደጋግሞ ታየ። አንድ አምራች ኤሌክትሮዱን ወደ ነርቩ ጠጋ ለማድረግ ሲል አብሮ የሚያስገባውን ታናሽ ሽብልቅ በዚያው ዓመት በሐምሌ ከገበያ አነሣ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የአሜሪካ ጥናት ከ1997 ጀምሮ ኢምፕላንት የተደረገላቸውን 4,264 ሕፃናት መዝገብ መርምሮ 26ቱ በባክቴሪያ ማጅራት ገትር መያዛቸውን አገኘ፤ በኒሞኮከስ ምክንያት የሚመጣው ማጅራት ገትርም በነዚህ ልጆች ላይ በእኩዮቻቸው ላይ ከሚታየው ከ30 እጥፍ በላይ መሆኑን ገለጸ። ሽብልቁ ያለባቸው ይበልጥ ተጎዱ፤ ሽብልቅ የሌለባቸውም ግን ፈጽመው አልዳኑም። ምክንያቱ ከላይ የተባለው መንገድ ነው፤ ኤሌክትሮዱ በገባበት ቀዳዳ በኩል በመካከለኛው ጆሮ የተነሣ መግል ወደ መቅደሱ፣ ከመቅደሱም ወደ አንጎል ሊሻገር ይችላል፤ በዚያም ላይ ባዕድ ነገር በተቀመጠበት ቦታ ተሐዋስያን ተጣብቀው ሲቀመጡ መድኃኒት በቀላሉ አያገኛቸውም። ከፍጥረት ጀምሮ የውስጥ ጆሮው በደንብ ያልተጠማዘዘ ልጅ ደግሞ ኢምፕላንት ሳይኖረውም ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሐኪሞች የደረሱበት መደምደሚያ አጭር ነው፤ ኢምፕላንት የሚተከልለት ሰው፣ ሕፃንም ሆነ ዐዋቂ፣ የኒሞኮከስ ክትባት ይውሰድ፤ ቢቻልም ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይፈጽም። ክትባቱ ሁለት ወገን ነው። ተሐዋሲው በስኳር መሰል ልብስ የተሸፈነ፣ ልብሱም ወደ 100 የሚጠጋ ዐይነት ያለው ሲሆን፣ የቀድሞው ክትባት 23 ልብሶችን ብቻውን ለሰውነት የሚያሳይ ነበር፤ ይህን ግን ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሰውነት አይቶ አያስታውሰውም። ሊቃውንት ልብሱን ከፕሮቲን ጋር ባጋቡት ጊዜ ግን ሕፃኑም ማስታወስ ቻለ፤ በዚህ መንገድ የተሠራው ባለ 7 ዐይነት ክትባት በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ባለ 10፣ ባለ 13፣ በኋላም ባለ 15ና ባለ 20 ተከተሉት።

ኢትዮጵያም ባለ 10ሩን በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገባች። ስለ ዓለም ድኾች በሚነገርበት ጉባኤ ሁሉ መዘግየታችን ስለሚነሣ ይህ ቢነገር አይከፋም፤ አገራችን ከኬንያ ጋር፣ በአንድ ብልቃጥ ሁለት ሰው የሚከተብበትን፣ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ዐይነት ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ አገሮች መካከል ነበረች፤ ብልቃጡ ከተከፈተ ከ6 ሰዓት በኋላ የተረፈው መጣል ስላለበት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ሁሉ አስቀድመው ሥልጠና ወሰዱ።

በእንጅባራ ዙሪያ ባለ አንድ ጤና ኬላ የክትባት ቀን ሲውል፣ ባለሙያዋ ከጤና ጣቢያ ያመጣችውን የክትባት ሳጥን በጥላ ውስጥ አስቀምጣ፣ በረዶው እንዳይሟሟ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ ትዘጋለች። ከፊቷ የተቀመጠችው እናት ያቀፈችው ሕፃን ስድስት ሳምንት የሞላው ወንድ ልጅ ነው፤ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ በሁለተኛው ቀን ወደ ክትባት የመጣ ስለሆነ በአንገቱ ላይ ያለው ማተብ ገና ቀለሙ አልደበዘዘም። ባለሙያዋ ለእናቲቱ በአውኚ ትነግራታለች፤ በአጠገባቸው የተቀመጡት አያት ግን በአማርኛ ይጠይቃሉ።

«ልጄ፣ ለዚህ ለአንድ ፍሬ ልጅ በአንድ ቀን ሁለት መርፌ አይበዛበትም?»

«አይበዛበትም እማማ። በግራ ጭኑ የምወጋው ለአምስት በሽታ ነው፤ በቀኙ ደግሞ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ነው።»

«ጆሮውንስ?»

«ጆሮውንም ይጠብቅለታል እማማ።»

አያቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉንጫቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ አለ፤ ያ በሽታ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ እንደርሳቸው ላለው ሰው ስለ ክትባት ጥቅም ብዙ መስበክ አያሻም። ሕፃኑ በመጀመሪያው መርፌ ዝም አለ፤ በሁለተኛው ግን ጮኸ፤ ጩኸቱን የሰሙት በደጅ የቆሙ እናቶችም ልጆቻቸውን ወደ ደረታቸው አጥብቀው ያዙ። ባለሙያዋ በካርዱ ላይ ቀኑን ጽፋ የ10ኛውን ሳምንት ቀጠሮ ነገረቻት፤ የ14ኛው ሳምንት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

የዚህ መርፌ ትሩፋት በሕፃኑ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ከፕሮቲን ጋር የተጋባው ክትባት ተሐዋሲውን ከአፍንጫና ከጉሮሮ ስለሚያሳንስ፣ የተከተበ ሕፃን በአንድ መደብ አብራው ለምትተኛው አያቱም፣ ምናልባት በዚያው ቤት ኢምፕላንት ይዞ ለሚኖር ታላቅ ወንድሙም መከላከያ ይሆናል። በመርፌው ምክንያት የሚያለቅሰው አንዱ ሲሆን የሚጠቀሙት ብዙዎች ናቸው። ይህ የሚሆነው ግን በመንደሩ የሚከተቡት ሕፃናት የበዙ እንደሆነ፣ ክትባቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ የደረሰ እንደሆነ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት፣ መብራትም በሚጠፋበት ጊዜ ይህ ሰንሰለት እንዴት እንደሚበጠስ የጤና ሠራተኛው ያውቀዋል።

እንግዲህ ከክትባቱ ያመለጡትስ? ከ2004 ዓ.ም. በፊት የተወለዱት፣ በማጅራት ገትር መስማታቸውን ያጡትም ጭምር፣ በዚህ መርፌ አልተከተቡም። እነርሱ ኢምፕላንት ቢያስፈልጋቸው ሌላ ችግር ይጠብቃቸዋል፤ ማጅራት ገትር ባለፈበት የውስጥ ጆሮ ፈሳሹ የነበረበት ቦታ ቀስ በቀስ ወደ አጥንትነት ይለወጣል፤ ለውጡ አንዳንድ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ስለሚጀምር፣ አጥንቱ መንገዱን ከዘጋ በኋላ ኤሌክትሮዱን ማስገባት ያዳግታል። ስለዚህ በማጅራት ገትር ታሞ የዳነ ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ወይም ከወጣ በኋላ ባለው በአራት ሳምንት ውስጥ፣ የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ሊቃውንቱ ያዝዛሉ። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ከእንጅባራ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ዳንግላ፣ ከዳንግላ ሌላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በየቀጠሮው አዲስ አበባ መመላለስ፣ በመጨረሻም መሣሪያው ባለው ዋጋ ምክንያት ዘመድ በውጭ አገር ያለው በዘመዱ፣ የሌለው በበጎ አድራጊ ተስፋ ማድረግ ነው። በጠበልና በጸሎት የሚጽናኑትን ወላጆች የሚነቅፍ ሰው ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ተጕዞ ቢያየው እወዳለሁ።

በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ መካከል ቤተሰቡ የሚጠይቀው ስለ መሣሪያው ዋጋ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው አደጋ ነው፤ ስለ ክትባት ግን፣ ልጁ በሕፃንነቱ ተከትቦ ካርዱ ጠፍቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ከቶ አልተከተበም እንደ ሆነ፣ ማንም ትዝ አይለውም። ኢምፕላንት ያለው ልጅ ትኵሳት ሲይዘው፣ ጆሮው ሲመግል ወይም አንገቱ ሲገተር ጊዜ እንደማይሰጥ፣ ቅቤ አቅልጦ ወይም ቅጠል ጨምቆ ጆሮው ላይ ጠብ ማድረግ እንደማይገባ፣ ይልቁንም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ለሐኪሙ መሣሪያ መተከሉ ሊነገረው እንደሚያስፈልግ፣ ቤተሰቡ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማወቅ አለበት። የሐኪሙ ደብዳቤ በአማርኛ ተጽፎ፣ ኢምፕላንቱ በየትኛው ጆሮ እንዳለ፣ የትኛው ክትባት መቼ እንደ ተሰጠ ቢገልጽ፣ በሌሊት ተረኛ ሆኖ ለሚያገኘው የዳንግላ ሐኪም ከብዙ ጥያቄ ያሳርፈዋል።

የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ለብዙ ዓመታት ሲመክሩበት የኖሩት ሥርዓት ዕድሜው ከሁለት ዓመት ያለፈ ባለ ኢምፕላንት በፕሮቲን የተጋባውን ክትባት አስቀድሞ፣ ባለ 23ቱን ደግሞ ቢያንስ ከ8 ሳምንት በኋላ እንዲወስድ ነው፤ ባለ 20ው ክትባት ከመጣ ወዲህ ሁለተኛው ሊቀር ይችላል፤ ለእኛ ግን ባለ 20ው ገና በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። የመጀመሪያው መርፌ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለሆነ በሐኪሙ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ የሁለተኛው ቀን የሚደርሰው ግን ቤተሰቡ መሣሪያውን አስተክሎ፣ ልጁ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰምቶ፣ ዘመድ አዝማድ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ፣ ሁሉም ወደ እንጅባራ ተመልሶ ወደ ሥራው ከገባ በኋላ ነው፤ በዚያን ቀን በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ የሕፃናቱ ብልቃጥ ብቻ ነው።